የውሰት ኮድ ጠባይ

ቁራጭ ኮድ ብቻውን ፕሮግራም የማይሆን፣ ነገር ግን አንድ የታወቀ ሥራ የሚሠራ፣ ከአንድ ድረ ገጽ ተነቅሎ ሌላው ላይ ሊተከል የሚችል የጥቂት መስመሮች ኮድ ነው። ርዝመቱ ከአንድ መስመር ጀምሮ እስከ አንድ ስክሪን ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ቁራጭነቱ ቀርቶ የሰው ፕሮጀክት ይሆናል፤ ወሳጁም “ተዋስኩት” ማለቱን ትቶ “መነሻ አድርጌዋለሁ” ይላል።

ድረ ገጽ ሠሪ በየዕለቱ የሚዋሳቸው ቁራጮች ዓይነታቸው ብዙ አይደለም። የኢሜይል አድራሻ በትክክል መጻፉን የሚያጣራ፣ ስክሪኑ ሲጠብ ሜኑውን ሦስት መስመር አድርጎ የሚያጥፍ፣ ዋጋ ላይ በየሦስቱ አኃዝ ሰረዝ የሚያስገባ፣ ቀን የሚቆጥር፣ ገጹን ከነጭ ወደ ጥቁር የሚለውጥ፣ እነዚህና የመሳሰሉት ናቸው። ከሁሉም ዝነኛው አንድን ሳጥን ገጹ መካከል ላይ የሚያስቀምጠው የሲኤስኤስ ቁራጭ ነው። የሲኤስኤስ የመጀመሪያው ደረጃ የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1996 ነው። ሆኖም ፍሌክስቦክስ የተባለው ዘዴ ብሮውዘሮች ውስጥ እስኪለመድ ድረስ አንድን ሳጥን ከላይም ከታችም እኩል አርቆ ማስቀመጥ ከአሥር ዓመት በላይ በብልሃት ሲሠራ ኖሯል። አንዱ ሳጥኑን ሠንጠረዥ ነው ብሎ ያስመስለዋል፤ ሌላው ሃምሳ በመቶ ወደ ታች ይገፋውና የራሱን ግማሽ መልሶ ወደ ላይ ይስበዋል። ዛሬ ሥራው በሁለት ሦስት መስመር ያልቃል። እነዚያን መስመሮች በቃሉ የያዘ ሰው ግን ጥቂት ነው። የአሥር ዓመት ልምድ ያለውም ትናንት የተቀጠረውም አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ፤ ልምድ ያለው የሚበልጠው ገጹን ቶሎ በማግኘቱ ነው።

መዋዋሱ ከድረ ገጽ በፊት የነበረ ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለው ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1949 ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ሞሪስ ዊልክስ፣ ዴቪድ ዊለርና ስታንሊ ጊል በተደጋጋሚ የሚያስፈልጉ ስሌቶችን በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ እያዘጋጁ ካቢኔ ውስጥ ደርድረው ያስቀምጡ ነበር። የፈለገ ሰው ጥብጣቡን ያወጣል፣ ቅጂውን ከራሱ ፕሮግራም ጋር ያያይዛል፣ ዋናውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ሦስቱ ሰዎች ይህን አሠራር የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1951 አሳትመዋል። በኮድ ውሰት ታሪክ ውስጥ ዕቃ ሲመለስ የታየው በዚያ ዘመን ብቻ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ፕሮግራመሮች የሠሩላቸውን ቁራጮች በደብተር ይዘው አንዱ ከሌላው ይገለብጡ ነበር። ፕሮግራመሯ ግሬስ ሆፐር ያን ጊዜ ሲያስታውሱ ፕሮግራመር ሁለት ነገር እንደማይሆንለት ይናገሩ ነበር፤ አንዱ መደመር ነው፣ ሌላው መገልበጥ። ቢ የተባለችው ፊደል ከደብተር ወደ ደብተር ስትዞር 13 ሆና ትገኝ ነበር። መገልበጡን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሥራው ብለው ኤ-ዜሮ የተባለውን ሥርዓት ወደ መሥራት ከገፏቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ካሊፎርኒያ ባለው የዜሮክስ ፓርክ ምርምር ማዕከል፣ ጂፕሲ በተባለ የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ፣ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን ኮፒ ፔስት መልክ አስያዙት። ከዚያ ወዲህ የመገልበጥ ስህተት ቀረ፤ በቦታው ስህተትን ያለ አንዳች ስህተት መገልበጥ ተተካ።

ድረ ገጽ ሲመጣ ውሰቱ በር የሌለው ሆነ። ብሮውዘር አንድን ገጽ ለማሳየት ኮዱን መቀበል ግድ ስለሚለው፣ ማንኛውም ጎብኚ “ቪው ሶርስ” የሚለውን ተጭኖ ገጹ እንዴት እንደተሠራ ማየት ይችላል። በ1990ዎቹ ብዙ ሰው ሙያውን የተማረው በዚህ መንገድ፣ ማንንም ሳይጠይቅና ማንንም ሳያመሰግን ነው። በ1995 ደግሞ ማት ራይት የተባለ የኮሎራዶ ተማሪ በፐርል የጻፋቸውን ፕሮግራሞች በነፃ ማደል ጀመረ። ጎብኚ ቆጣሪው፣ የእንግዳ መዝገቡ፣ ከቅጽ ላይ የተሞላውን ወደ ኢሜይል የሚያደርሰው ፎርምሜይል በየአገሩ ተሠራጩ።

የፎርምሜይል ዕጣ የውሰት ኮድን ጠባይ ከሥሩ ያሳያል። ፕሮግራሙ መልእክቱ ለማን እንደሚላክ የሚያውቀው ከቅጹ በሚመጣለት መረጃ ነበር፤ ቅጹን ደግሞ ማንም አስመስሎ መላክ ይችላል። አይፈለጌ መልእክት የሚበትኑ ሰዎች ይህን ሲያውቁ የሰውን ሰርቨር የነፃ ፖስታ ቤት አደረጉት። ቀዳዳው እየታወቀ ሲሄድ ተሻሽሎ ወጣ፤ የለንደን የፐርል ፕሮግራመሮች ተሰብስበው አስተማማኝ ምትክ ጻፉ፤ ራይት ራሱ ሰዎች ያንን እንዲጠቀሙ መከረ። ነገር ግን ሰጪው ያሻሻለው የራሱን ቅጂ ነው። በሺህ ቦታ የተለጠፈው ቅጂ ወሬውን የሚሰማበት ጆሮ የለውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ማንም የማይነካው ሰርቨርም ሦስተኛ ሆኖ ይቆጠር።

የዛሬዎቹ ትልልቅ መለዋወጫዎች የተከፈቱት በ2008 ነው። ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ የሆነውን ስታክ ኦቨርፍሎውን አቋቋሙ፤ ጊትሃብ ደግሞ ጂስት የተባለውን የቁራጭ ኮድ ማስቀመጫ በዚያው ዓመት አወጣ። ስታክ ኦቨርፍሎው በ2021 ለኤፕሪል 1 ቀልድ እንዲሆን ኮፒ ማድረግ ከእንግዲህ ገደብ አለው፣ ገደቡን ለማለፍም ሦስት ቁልፍ ብቻ ያለው ኪቦርድ መግዛት ያስፈልጋል ብሎ አስታወቀ። ቀልዱ ቆይቶ እውነተኛ ዕቃ ሆነና ተሸጠ። ከቀልዱ ጀርባ ግን ሰዎች ምን ያህል ኮፒ እንደሚያደርጉ ይቆጠር ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ40 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ኮፒ ተደርጓል፤ አንድ ጥያቄ ከሚከፍቱ አራት ሰዎች አንዱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሆነ ነገር ኮፒ አድርጎ ይሄዳል። ሦስቱ ምን እንዳደረጉ አልተነገረም፤ ምናልባት በእጃቸው እየጻፉት ይሆናል።

በአማርኛ ተናጋሪ ዴቨሎፐሮች ዘንድ ገበያው የሚቆመው ቴሌግራም ላይ ነው። እዚያ ቁራጭ ኮድ በሦስት መልክ ይመጣል። የመጀመሪያው በጽሑፍ፣ የኮድ ቅርጹን ጠብቆ የሚላክ ነው፤ ይህ የተባረከ ሰው ሥራ ነው። ሁለተኛው ስክሪንሾት ነው፤ ለማየት ያምራል፣ ኮፒ አይደረግም። ሦስተኛው በስልክ የተነሣ የላፕቶፕ ስክሪን ፎቶ ነው። ፎቶው ጎንበስ ያለ ነው፤ ላዩ ላይ ማዕበል የሚመስል መስመር ይታያል፤ ስህተቱ ያለበት መስመር ላይ የመብራት ነጸብራቅ አርፎበታል። “ወንድሜ፣ በጽሑፍ ላክልን” የሚል መልስ ሲሰጠው ላኪው ይቅርታ ጠይቆ ቀረብ ብሎ የተነሣ ሌላ ፎቶ ይልካል። ሊረዳው የፈለገ ሰው ከፎቶው ላይ እያነበበ ሲጽፍ ዜሮና ኦ፣ አንድና ኤል ይምታቱበታል፤ የሆፐር ዘመን በዚህ መንገድ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚህ የሚብሰው ችግሩ ተፈቶለት መፍትሔውን የማይናገረው ነው። ጥያቄውን በሦስት ግሩፕ ይለጥፋል፣ “አስቸኳይ ነው ብሮ” ይላል፣ ሰው ሁሉ ሲረባረብ ያመሽና በማግሥቱ “ተስተካክሏል፣ አመሰግናለሁ” ብሎ ይጠፋል። ከዓመት በኋላ ያው ችግር የገጠመው ሌላ ሰው ግሩፑን ሲፈትሽ የሚያገኘው ጥያቄውንና ምስጋናውን ብቻ ነው።

ቁራጩ በጽሑፍም ቢላክ መንገድ ላይ ይለወጣል። የጽሑፍ ማዘጋጃዎች ቀጥ ያለውን ጥቅስ ለውበት ብለው ያጎብጡታል፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ የጎበጠ ጥቅስ አያውቅም። ከድረ ገጽ የተወሰደ ኮድ ለዓይን የማይታይ ክፍተት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ መስመሩ ትክክል ነው፣ ፕሮግራሙ ግን እምቢ ይላል። የግሪክኛ ጥያቄ ምልክት የእንግሊዝኛውን ድርብ ሰረዝ መስሎ ስለሚታይ፣ ባልደረባውን ማሳበድ የፈለገ ፕሮግራመር አንዱን በሌላው ይተካል የሚል የቆየ ቀልድ አለ። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን የግሪክ እርዳታ አያሻውም። ለደንበኛው በአማርኛ መልስ ሲጽፍ ቆይቶ ኪቦርዱን ሳይመልስ ወደ ኮዱ ከገባ “፤” እና “፣” ያስገባል። ጃቫስክሪፕት በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል፤ አንድን ተለዋዋጭ “ደመወዝ” ብሎ መሰየም ይቻላል። የአማርኛን ሥርዓተ ነጥብ ግን አይቀበልም፤ ደመወዙን አውቆ ድርብ ሰረዙን ይክዳል።

ሆን ተብሎ የሚደረግ ለውጥም አለ። አንድ ገጽ ጎብኚው ኮፒ ሲያደርግ ከሚያየው የተለየ ነገር ክሊፕቦርዱ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ይችላል። ተርሚናል ላይ የሚለጠፍ ትእዛዝ ከሆነ፣ መጨረሻው ላይ የተደበቀ የመስመር መዝለያ ካለ፣ ሰውየው አንብቦ ሳይጨርስ ትእዛዙ ሊፈጸም ይችላል። ጠንቃቃ ሰው መጀመሪያ ተራ የጽሑፍ ገጽ ላይ ለጥፎ ያነበዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ለተርሚናል አይሠራም፤ ተርሚናል ላይ የፈሰሰ አይለቀምም።

ቁራጭ ኮድ ከምልክቱና ከፊደሉ ሌላ የሰጪውን አገር ይዞ ይመጣል። የመመዝገቢያ ቅጽ የሚያጣራ ቁራጭ ብዙ ጊዜ የተጻፈው የቤተሰብ ስምና ዚፕ ኮድ ባለበት አገር ነው። ያው ቅጽ አዲስ አበባ ሲደርስ “የቤተሰብ ስም” በሚለው ሳጥን የአባት ስም ይገባል፤ ከዚያ የማስታወቂያ ኢሜይሉ ለአልማዝ ከበደ ተልኮ “ውድ ከበደ” ብሎ አባቷን ሰላም ይላል። ዚፕ ኮድ ካልተሞላ አላልፍም የሚለው ሳጥን ዜሮ በዜሮ ይሞላለታል። ስም ከኤ እስከ ዜድ ባሉ ፊደላት ብቻ መጻፉን የሚያጣራው ቁራጭ ደግሞ ስሟን በአማርኛ የጻፈችውን ሴት “ያስገቡት ስም ትክክል አይደለም” ይላታል። እናቷ ያወጡላትን ስም ሦስት ጊዜ ደጋግማ ጽፋ ሦስት ጊዜ ትረታለች።

የአገር ውስጥ ቁራጭም ዘመኑን ይዞ ይቀራል። የሞባይል ቁጥርን የሚያጣራው ዝነኛ ቁራጭ ቁጥሩ በ09 መጀመሩንና አሥር አኃዝ መሆኑን ይፈትሻል። ሲጻፍ ትክክል ነበር፤ ያኔ አገሩ ውስጥ የነበረው ኦፕሬተር አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ሥራ ሲጀምር ግን ያ ቁራጭ ያለበት ቅጽ ሁሉ የአዲሱን ኦፕሬተር ደንበኛ ስልክ የለህም የሚል ሆነ። መፍትሔው አንድ አኃዝ መጨመር ነው። አስቸጋሪው ክፍል ቁራጩ ስንት ቦታ እንደተለጠፈ ማስታወስ ነው፤ ከእነዚያ አንዱ ሁልጊዜ የቀድሞ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ ይገኛል።

የዘመን አቆጣጠር ሲመጣ ጉዳዩ ይሰፋል። ከውጭ የመጣ የቀን መምረጫ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ስለሚያውቅ በጳጉሜን የተወለደ ሰው በዚያ ቅጽ አልተወለደም። ከፈረንጁ ዓመት ላይ 8 ቀንሶ የኢትዮጵያን ዓመት የሚያወጣው አንድ መስመር ቁራጭም በሰፊው ይዞራል፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ መስከረም ዋዜማ ልክ ነው፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ አንድ ዓመት ይሳሳታል፤ በዚያ ወቅት ልዩነቱ 7 ነውና። በሐምሌ ተፈትኖ “ይሠራል” የተባለ ኮድ በመስከረም ደንበኛ ፊት ይወድቃል። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከኮምፒውተር በፊት መልስ አላቸው፦ በዘመነ ሉቃስ ነው። ፕሮግራመሩ ያንኑ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ብሎ ይጽፈዋል። 2015 ዓ.ም. ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ነበረች፣ ቀጣዩም እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ይህን ሁሉ በአርባ መስመር ጽፈው የሚለዋወጡ ሰዎች አሉ፤ የዛሬ ብሮውዘሮች ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር በውስጣቸው ይዘዋል፤ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ባለው የቀን መጻፊያ መሣሪያ ላይ የኢትዮጵያን ካሌንደር መምረጥ በአንድ መስመር ያልቃል።

ከአማርኛ ድረ ገጽ ሠሪዎች ኪስ የማይጠፋ ሌላ ቁራጭ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ የሚያደርገው ነው። “ፀሐይ” በትንሹ ስድስት መልክ ሊጻፍ ስለሚችል፣ በአንዱ የተመዘገበ ዕቃ በሌላው ቢፈለግ አይገኝም። ቁራጩ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል፤ ፍለጋውም ይሳካል። ይህ ሥራ ለፍለጋ ብቻ፣ ከመዝገቡ ጎን በሚቀመጥ ቅጂ ላይ መዋል አለበት። ወሳጁ ሳያስተውል መዝገቡን ራሱን ካሳለፈበት ግን ዓለምፀሐይ የተባለች ደንበኛ በማግሥቱ ስትገባ አለምጸሀይ ሆና ታገኘዋለች። እንዲህ ያለውን ስህተት ወደ ኋላ የሚመልስ ቁራጭ የለም፤ የትኛው ሀ ከየትኛው እንደመጣ የሚያውቅ ኮድ የለምና።

የጃቫስክሪፕት ቁራጮች በየጊዜው ከመለጠፍ ይልቅ ስም ተሰጥቷቸው በአንድ ማከማቻ እንዲቀመጡና በትእዛዝ እንዲጠሩ የተደረገው ኤንፒኤም እ.ኤ.አ. በ2010 ሲመጣ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሰጪው ሲያሻሽል ተቀባዩ ይሰማል። ቁራጩ ግን ወደ ፓኬጅነት ካደገ በኋላ የማዕረግ ጉጉት ያዘው። አንድ ቁጥር ጎደሎ መሆኑን ብቻ የሚናገር ፓኬጅ አለ። ሙሉ መሆኑን የሚናገር ሌላ ፓኬጅም አለ፤ እርሱ ሥራውን የሚሠራው የመጀመሪያውን ጠርቶ መልሱን በመገልበጥ ነው። ጎደሎውን የሚናገረው ደግሞ የመጣለት ነገር ቁጥር መሆኑን የሚጠይቀው ሦስተኛውን ፓኬጅ ነው። በአንድ መስመር ሒሳብ የሚያልቅ ጉዳይ በሦስት ቢሮ ማኅተም እየተመታበት ይወጣል።

በማርች 22 ቀን 2016 ይህ ሰንሰለት ተፈተነ። አዘር ኮቹሉ የተባለ ፕሮግራመር በአንድ ፓኬጅ ስም የተነሣ ኪክ ከተባለ ኩባንያ ጋር ተጋጭቶ፣ ኤንፒኤም ስሙን ለኩባንያው ሲሰጥበት፣ ያሉትን ፓኬጆች በሙሉ ከማከማቻው አነሣ። ከእነርሱ አንዱ ሌፍት-ፓድ ነበር፤ ሥራው አንድ ጽሑፍ የተፈለገውን ርዝመት እስኪይዝ በግራ በኩል ክፍተት ወይም ሌላ ምልክት መጨመር ሲሆን ርዝመቱ 11 መስመር ነው። ሪአክትና ባቤልን የመሰሉ ትልልቅ ፕሮጀክቶች በሰንሰለት ይፈልጉት ስለነበር በዓለም ዙሪያ የሶፍትዌር ግንባታዎች መውደቅ ጀመሩ። ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ ፓኬጁን መለሰ፤ ሌሎች የተመረኮዙበትን ፓኬጅ እንደ ልብ ማንሣትንም በደንብ ከለከለ። ጃቫስክሪፕት በበኩሉ በ2017 ደረጃው ያንኑ ሥራ በራሱ የሚሠራበትን ትእዛዝ አስገባ።

ኮፒ በማድረግና ከሰው ሰርቨር በመጥራት መካከል ያለው ልዩነት ከጎረቤት እርሾ እንደመበደር ነው። አንዴ የተበደረ ሰው ጎረቤቱ ብትጣላውም ሊጡ ይቦካል። በየማለዳው እየሄደ የሚቀበል ግን ጎረቤቱ ቤቷን ሸጣ የሄደች ዕለት አዲሱ ባለቤት ምን እንደሚሰጠው አያውቅም። በ2024 ፖሊፊል ዶት አይኦ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ድረ ገጾች የድሮ ብሮውዘሮችን ጉድለት የሚሞላ ኮድ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ከዚያ አድራሻ ይጠሩ ነበር። አድራሻው በፌብሩዋሪ ለሌላ ኩባንያ ተላለፈ፤ ፕሮጀክቱን የጀመረው አንድሩ ቤትስ ያን ጊዜውኑ ሰዎች ኮዱን እንዲያነሡ አሳሰበ፤ በጁን ከ100 ሺህ በላይ ድረ ገጾች ጎብኚዎቻቸውን ወደ ሌላ ቦታ የሚወስድ ተንኮለኛ ኮድ እያስተናገዱ መሆኑ ታወቀ። ኮፒ ማድረግን መልሶ ያስከበረው ሻድሲኤን የተባለው የሪአክት ክፍሎች ስብስብ በ2023 ሲወጣ ብዙ ሰው የወደደው በከፊል እንዲህ ያለውን ጥገኝነት ስለሚያስቀር ነው፤ ክፍሉ ወደ ራስ ፕሮጀክት ይገለበጣል፣ ከዚያ በኋላ የወሳጁ ነው።

የተገለበጠ ኮድ የራስ ሲሆን ስህተቱም የራስ ይሆናል። በ2010 አንድሪያስ ሉንድብላድ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የፋይል መጠንን ሰው በሚረዳው መልክ የሚጽፍ አጭር የጃቫ ቁራጭ መልስ አድርጎ ሰጠ። ሴባስቲያን ባልተስና ስቴፋን ዲል ከዓመታት በኋላ ጊትሃብ ላይ ያሉ ፕሮጀክቶችን ሲያጠኑ ከስታክ ኦቨርፍሎው ከተወሰዱት የጃቫ ቁራጮች ሁሉ በላይ የተገለበጠው እርሱ ሆኖ ተገኘ። ሉንድብላድ ይህን ሲሰማ ኮዱን ደግሞ አየውና በ2019 ስህተት እንዳለበት ራሱ ጻፈ። 999,999 ባይት “1.0 ሜጋባይት” መባል ሲገባው “1000.0 ኪሎባይት” ይል ነበር። መልሱን አረመ፤ የተገለበጡት ግን የተገለበጡ ናቸው። አብዛኞቹ ከየት እንደመጡ እንኳ አልተጻፈባቸውም፤ የስታክ ኦቨርፍሎው ፈቃድ ግን ምንጭ መጥቀስን ያዛል። ፈቃድ ጨርሶ ያልተጻፈበት ኮድ ነፃ ነው ብሎ መውሰድም የተለመደ ነው፤ በሕግ ዓይን ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፈቃድ ካልተሰጠ መብቱ ሁሉ የጸሐፊው ነው።

ከ2021 ወዲህ ሰጪው ራሱ ተለውጧል። ጊትሃብ ኮፓይለት፣ ቀጥሎም ቻትጂፒቲ ቁራጩን ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ አዝዞ ማስጻፍን አመጡ። ትሕትናቸው የሚያስመሰግን ነው፤ “ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቋል” ብለው ሰው አያሳፍሩም። የተማሩት ግን ሰዎች ከጻፉት ነው፤ በ2021 ኮፓይለት ኩዌክ 3 ከተባለው ጌም ዝነኛውን የሒሳብ ቁራጭ ቃል በቃል ሲያወጣ፣ አንድ ፕሮግራመር ግራ ገብቶት በኮሜንት የጻፈው ስድብ ሳይቀር አብሮ ወጣ። ሌላው ጠባያቸው የሌለ ፓኬጅ በሙሉ ልብ መጥራት ነው። ይህን ያወቁ አጥፊዎች የሌለውን ስም ቀድመው አስመዝግበው ክፉ ኮድ ሊያስቀምጡበት እንደሚችሉ የደኅንነት ተመራማሪዎች ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ ከማሽን የመጣን ቁራጭ ማንበብ ከሰው የመጣውን ከማንበብ አያንስም።

የሰጪ ወግ ብዙ አይደለም። ቁራጩን በጽሑፍ ይልካል፤ በየትኛው የላይብረሪ ስሪት እንደሚሠራ ይናገራል፤ ምን ብሎ እንደገመተ ይጽፋል፤ “ቁጥሩ በ09 ይጀምራል” የምትል አንዲት ኮሜንት ብትኖር ስንት ቅጽ በዳነ። ከመላኩ በፊት የራሱን የይለፍ ቃልና የኤፒአይ ቁልፍ ያወጣል። ረስቶ ከላከ መልእክቱን መሰረዝ አይበቃውም፤ ያየው አይቷል፣ ጊት ላይ ከገባም ታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ ቁልፉን ራሱን መለወጥ አለበት።

የወሳጅ ወግ ትንሽ ይረዝማል። ከመለጠፉ በፊት ያነባል፤ ያልገባውን መስመር ይጠይቃል ወይም ያወጣዋል። በአማርኛ ስም፣ በባዶ ሳጥን፣ በጳጉሜን 6 እና በ07 ይሞክረዋል። ከላዩ ላይ ያገኘበትን አድራሻና የወሰደበትን ቀን ይጽፋል። ችግሩ ሲፈታ እንዴት እንደተፈታ ለግሩፑ ይናገራል። ዓመት አልፎ ብሮውዘሩ ሥራውን በራሱ መሥራት ከጀመረ ቁራጩን ያነሣል። ከ2004 ጀምሮ በየገጹ ሲለጠፍ የኖረው ክሊርፊክስ የተባለ የሲኤስኤስ ቁራጭ ዛሬ በአንድ የሲኤስኤስ መስመር ተተክቷል፤ ሆኖም ምን እንደሚሠራ የማያውቁ ሰዎች ፈርተው ትተውት እስካሁን በብዙ ፕሮጀክት ውስጥ ይኖራል። እንዲህ ያለውን የሚያነሣ ሰው በቅጂ ላይ ይሰርዘዋል፣ ገጹን ይፈትሻል፤ ምንም ካልተበላሸ በዚያው ይተወዋል፤ ከተበላሸ መልሶ ያስገባና ለምን እንደሚያስፈልግ ከጎኑ ይጽፍበታል።